ጀርባው ላይ ክንፍ ነበረው

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የማወጋችሁ ስለ ሕፃናት ትኩሳት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጉልበት ሕመም ነው። ዛሬ ስለ ዓሣ ላወጋችሁ ነው። በጾም ስለምንከራከርበት ዓሣ አይደለም፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሆኖ ልጆች አፍንጫቸውን ለጥፈው ስለሚያዩት ስለ ጎልድፊሽ ነው። በየቤቱ ልጅ ያላችሁ፣ በተለይም እንደኔ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ፣ ታሪኩ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ይሠራል፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጁ የምታድገው ግን እኔ ዘንድ ደባርቅ ነው። ለልደቷ የመስታወት ገንዳ፣ ትንሽ ማጣሪያ፣ የአየር ፓምፕና ሁለት ጎልድፊሽ ይዞላት መጣ። አንደኛው መላ አካሉ ነጭ ሆኖ አናቱ ላይ ብቻ ቀይ ነገር ደፍቷል። ልጅቷ እንዳየችው "ሻሽ" አለችው። ሁለተኛው ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ዓይኖቹም ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። እሱ "ጥቁሬ" ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ሰላም የምትለው እነሱን ነው፤ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ።

በጥር ወር ጥምቀትን ለማክበር ዳባት እናቷ ቤተሰቦች ዘንድ ሄደች። በሄደች በአራተኛው ቀን ጠዋት ሻሽ በጎኑ ተንሳፎ አገኘሁት። ጓሮ ቀበርኩትና ለልጄ ደወልኩ። "ነጭ ሆኖ አናቱ ቀይ የሆነ ፈልገህ በቶሎ ላክልኝ፤ ሳታውቅ እንተካዋለን" አልኩት። እሱም አላሳፈረኝም፤ ዓሣው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በመኪና መጣልኝ። ነጭ ነው። አናቱ ቀይ ነው። እፎይ አልኩ።

ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ገንዳው ጋ ቆመች። ትንሽ ዝም አለችና "እምዬ፣ ሻሽ የት ሄደ?" አለችኝ።

"ይኸው አይደል እንዴ!" አልኳት።

"አይደለም። ሻሽ ጀርባው ላይ ክንፍ ነበረው።"

መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩ። እውነቷን ነው። የአዲሱ ዓሣ ጀርባ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው፤ ክንፍ የሚባል ነገር የለበትም። እኔ ያየሁት ቀለሙን ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስሠራ ለተማሪዎች "መጀመሪያ በደንብ ተመልከቱ" እያልኩ የኖርኩት ሴት፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የምታየውን ሳላይ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ ማየት ተማርኩ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ለልጅቷ ምን ብዬ እንደመለስኩላት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

የሰው እጅ የሠራው ዓሣ

ጎልድፊሽ የካርፕ ቤተሰብ ነው። በጣና ሐይቅ ያሉት፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙት የላቤዮባርበስ ዝርያዎችም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ስለዚህ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ይቻላል። የጎልድፊሽ አባት የነበረው የዱር ዓሣ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ግራጫ እንጂ ወርቃማ አልነበረም። ከሺህ ዓመት በፊት ቻይናውያን በኩሬ ከሚያኖሯቸው ዓሦች መካከል አልፎ አልፎ ቀይና ብጫ ሆነው የሚወለዱትን መለየት ጀመሩ። እነሱን ለብቻ አኖሩ፤ ከልጆቻቸውም ደማቁን እየመረጡ አራቡ። በሚንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1368 እስከ 1644 ባለው ጊዜ፣ ዓሣው ከኩሬ ወጥቶ በቤት ውስጥ በገንቦና በሸክላ ዕቃ መኖር ጀመረ። ጭራው ሁለት የሆነ፣ ሆዱ ድብልብል ያለ ዓይነትም በዚያ ዘመን ታየ። በ1500ዎቹ ጃፓን፣ በ1600ዎቹ አውሮፓ ደረሰ።

ይህን ለማስረዳት ከእኔ ይልቅ የተሳካላቸው አንድ ጎረቤቴ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረው የጊች መንደር ተነሥተው ደባርቅ ከሰፈሩት ከ400 በላይ አባወራዎች አንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከ3,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ገብስ ሲዘሩና በግ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ቡና ልጠጣ ብለው ገቡና ገንዳውን ዓይተው "ሲስተር፣ ይህ ለጾም ነው ለፍስክ?" አሉኝ።

"ለዓይን ነው" አልኳቸው።

"ለዓይን ብቻ? እህል እየበላ?" ብለው ሳቁ። ስለ ቻይናዎቹ ስነግራቸው ግን ወዲያው ገባቸው። "እኛም ለአውራ የሚሆን ጠቦት ስንመርጥ እንዲያው ነው። ቀንዱን ታያለህ፣ ፀጉሩን ታያለህ፣ የወደድከውን ታስቀራለህ። ግን ሲስተር፣ ቀንዱ ያማረ ሁሉ ዳገት አይወጣም።"

ጠቅላላው የጎልድፊሽ አያያዝ በዚህ ንግግር ውስጥ አለ። ሰው ለውበት ብሎ የለወጠው እያንዳንዱ አካል ለዓሣው አንድ ድካም ጥሎበታል። ዝርያውን መለየት የሚጠቅመው ለጉራ አይደለም፤ የትኛው ዓሣ በምን እንደሚቸገር ለማወቅ ነው።

ዘራቸውን እንዴት እንለያለን?

በቀለም አትለዩ። እኔን ያሳሳተኝ ቀለም ነው። ጎልድፊሽ ቀለሙን ይለውጣል፤ ጫጩቱ ጠቆር ብሎ ይወለድና ከወራት በኋላ ወርቃማ ይሆናል፤ ጥቁር የነበረውም ሲያረጅ ነሐስ ሊመስል ይችላል። አምስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ።

አንደኛ፣ አፉ ዙሪያ ጢም አለው? ካለው ጎልድፊሽ አይደለም፤ ኮይ የሚባለው የካርፕ ዓይነት ነው። ኮይ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚያድግ የኩሬ ዓሣ ስለሆነ ለቤት ገንዳ አይሆንም። ሻጭ ትንሹን ኮይ "ጎልድፊሽ ነው" ቢላችሁ ጢሙን እዩ።

ሁለተኛ፣ ጭራው አንድ ነው ሁለት? ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ጭራው አንድ ቅጠል ብቻ ከሆነና ሰውነቱ ቀጠን ረዘም ያለ ከሆነ ተራው ጎልድፊሽ፣ ጭራው ረጅሙ ኮሜት ወይም ዝንጉርጉሩ ሹቡንኪን ነው። እነዚህ ፈጣኖችና ጠንካሮች ናቸው፤ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ድረስ ስለሚያድጉ ግን ሰፊ ቦታ ይሻሉ። ጭራው እንደ ነጠላ ጫፍ ለሁለት ተከፍሎ የሚዘናፈል፣ ሆዱም እንቁላል የመሰለ ከሆነ ከጌጠኞቹ ወገን ነው። ፈጣኑንና ጌጠኛውን አንድ ላይ አታኑሩ። ምግቡን ፈጣኑ ይጨርሰዋል፤ ጌጠኛው እያያችሁት ይራባል።

ሦስተኛ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ አለው? ልጅቷ ያየችው ይህንን ነው። ሻሽ ኦራንዳ ነበር። ኦራንዳ አናቱ ላይ እንደ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ የሚደፋ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ያለው ዓሣ ነው። ስሙ በጃፓንኛ "ሆላንድ" ማለት ነው፤ ዓሣው ግን ከሆላንድ አልመጣም፤ በዚያ ዘመን ጃፓኖች ከባሕር ማዶ የመጣን እንግዳ ነገር ከደች ነጋዴዎች ጋር ያያይዙት ስለነበር ነው። ምትክ ብዬ ያስመጣሁት ራንቹ ነው። እሱም አናቱ ሥጋ አለው፤ ጀርባው ግን ክንፍ የለውም፣ ወደ ጭራው ሲደርስም ጎበጥ ይላል። ጀርባው ቀጥ ካለና የራሱ ሥጋ ፊቱን ሁሉ ከሸፈነ ላየንሄድ ይባላል፤ የራንቹ ቅድመ አያት ነው። የጀርባ ክንፍ ለዓሣ ሚዛን መጠበቂያ ነው። የሌላቸው ዓይነቶች ሲዋኙ ይወላገዳሉ፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት ያለው ማጣሪያም ያደክማቸዋል።

አራተኛ፣ ዓይኑ እንዴት ነው? ወደ ጎን የወጣ ከሆነ ቴሌስኮፕ ይባላል፤ ጥቁሩ ብላክ ሙር ነው። የኛ ጥቁሬ ከዚህ ወገን ነው። ዓይኑ ስለተለቀ በደንብ ያያል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ እይታው ደካማ ነው። ሹል ድንጋይና የፕላስቲክ ጌጥ ገንዳው ውስጥ ካለ ዓይኑን ይወጋዋል። ሁለቱም ዓይኖቹ ወደ ሰማይ የሚያዩት ሴሌስቲያል፣ ከዓይኑ ሥር ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለው ደግሞ በብል አይ ነው። እነዚህ ሁለቱ በልጆች ቤት ባይገቡ እመርጣለሁ፤ ከረጢቱ በቀላሉ ይፈነዳል።

አምስተኛ፣ ሰውነቱና ቅርፊቱ? ከራሱ ኋላ እንደ ሻኛ ያለ ጉብታ ካለው ርዩኪን ነው። ጉብታም የራስ ሥጋም የፈጠጠ ዓይንም ከሌለው፣ እንዲሁ ሆዳምና ባለ ሁለት ጭራ ከሆነ ፋንቴይል ነው፤ ለጀማሪ ከጌጠኞቹ ሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቅርፊቱ እንደ ዶቃ ጎልቶ የወጣው ፐርልስኬል ይባላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በጉንጩ ክዳንና በፊት ክንፎቹ ጠርዝ ላይ ብቻ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ካያችሁ አትደንግጡ፤ ወንድ ዓሣ ለመራባት ሲደርስ የሚያወጣው ምልክት ነው። ነጥቡ መላ ሰውነቱ ላይ ጨው እንደተነሰነሰበት ከሆነ ግን በሽታ ነው።

ሻሽን ምን ገደለው?

ይህን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ሻሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። የገደልኩትም በንጽሕና ነው።

ልጅቷ ስትሄድ "ቤቱን ለበዓል ላጽዳ" ብዬ ተነሣሁ። የገንዳው መስታወት አረንጓዴ ይዟል፤ የማጣሪያው ስፖንጅ ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ ተሸክሟል። ዕድሜ ልኬን ጀርም ስዋጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ውሃውን በሙሉ ደፋሁት፤ ስፖንጁን በበረኪና አጥቤ በቧንቧ ውሃ አለቀለቅሁት፤ ገንዳውንም ከቧንቧ ቀድቼ ሞላሁት። እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ጸዳ። በሦስተኛው ቀን ሻሽ ውሃው ወለል ላይ አፉን ከፍቶ አየር ሲጎነጭ አየሁት፤ "ርቦት ነው" ብዬ ምግብ ጨመርኩለት። በማግስቱ ሞተ።

በኋላ የገባኝ ይኸ ነው። ዓሣ በገንዳው ውስጥ ይበላል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ከስንጥቡና ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ስንጥቡን የሚያቃጥል መርዝ ነው። በስፖንጁ ላይ የነበረው ቡናማ ዝቃጭ ግን ዝም ብሎ ቆሻሻ አልነበረም። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ ሲቀየር ይቀንሳል። ናይትራይት ግን ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፤ በናይትሬት በተበከለ የጉድጓድ ውሃ ወተት የተበጠበጠለት ጨቅላ ሕፃን ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። እኔ በበረኪናዬ የገንዳውን ጉበትና ኩላሊት ነው አውጥቼ የጣልኩት። የቧንቧው ክሎሪን ደግሞ በስንጥቡ ላይ ተጨመረበት።

አየር መጎንጨት፣ ስንጥብ መቅላት፣ ክንፍን ሰብስቦ ታች መቀመጥ፣ በክንፉ ላይ የደም ሥር መሰመር፤ እነዚህ ሲታዩ ምግብ አትጨምሩ። ምግብ አቁሙ፤ ክሎሪን የሌለበት ውሃ አዘጋጅታችሁ ከገንዳው ሲሶውን ቀይሩ። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ሻሽ ይተርፍ ይሆናል።

ለደጋ ቤት የሚሆን አያያዝ

ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ የሚችል ዓሣ ስለሆነ ለደባርቅና ለዳባት ዓይነት አገር ማሞቂያ ሳይገዛለት ይኖራል። ጌጠኞቹ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቻቸዋል፤ ከዚያ ዝቅ ቢልም ይችላሉ፤ የሚጎዳቸው ድንገተኛ መለዋወጥ ነው። ገንዳውን ከበር አፍ፣ ከምድጃ አጠገብና ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቁ። ብርድ ሲጠና ምግብ ቀንሱ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ሆዱ በቶሎ አይፈጭም።

መጠኑን በጀሪካን አስቡት። ለአንድ ጌጠኛ ጎልድፊሽ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ቢቻል ሦስት ጀሪካን ውሃ ያስፈልገዋል። ሉል የመሰለው ትንሹ ብርጭቆ ለዓሣ ቤት አይሆንም፤ እዚያ ውስጥ መርዙ በአንድ ቀን ይከማቻል። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ እንደሚመዝን አትርሱ፤ ገንዳውን በማይንገዳገድ ጠረጴዛ ላይ፣ ሕፃን ሊስበው በማይችልበት ቦታ አስቀምጡ። የፓምፑ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ፤ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል።

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ አየራችን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ውሃችንም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለኛ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጣሳ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ብታደርጉት ይረዳል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። መብራት በጠፋበት ቀን ዓሣውን አትመግቡ።

ውሃውን በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን ቀይሩ፤ በሙሉ አትድፉ። የቧንቧውን ውሃ ሰፋ ባለ ባልዲ ቀድታችሁ ሳትከድኑ አንድ ቀን ሙሉ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይበናል፤ ሙቀቱም ከቤቱ ጋር ይስተካከላል። ውሃ አጋር የጨመራችሁበትን የመጠጥ ውሃ ለዓሣ አትጠቀሙ፤ ለእኛ ሕይወት የሚያድነው ክሎሪን ለዓሣው ስንጥብ መርዝ ነው። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳችሁት አሮጌ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ሳሙናና በረኪና አይንካው። አዲስ ገንዳ ከሆነ ባክቴሪያው እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ አገር ከዚያም ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ምግቡ ጥቂት፣ ውሃ መቀየሩ ቶሎ ቶሎ ይሁን።

ስለ ምግብ። ጎልድፊሽ እንደኛ ምግብ የሚያከማች ጨጓራ የለውም፤ አንጀቱ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ስጡት። ዳቦና እንጀራ አትጣሉለት። ጌጠኞቹ ሆዳቸው ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ ለመንሳፈፍ የሚረዳቸው የአየር ከረጢት በቀላሉ ይታወካል፤ ያን ጊዜ ይገለበጣሉ ወይም ጭራቸው ወደ ላይ ይሆናል። ደረቁን ምግብ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ ስጧቸው። አንድ ቀን ካስጾማችኋቸው በኋላ ቅርፊቱ የተላጠ፣ የተቀቀለ፣ ጨው ያልነካው አተር ፈርፈር አድርጋችሁ ብትሰጧቸው ብዙ ጊዜ ይረዳል። የአተር አገር ሰዎች ስለሆንን ይህ አይቸግረንም።

አሁን ስለ ሰው ጤና። ገንዳ ውስጥ እጅ ከተከተተ በኋላ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጓንት ያድርግ ወይም ሥራውን ለሌላ ይስጥ፤ በዓሣ ውሃ ውስጥ የሚኖር አንድ የባክቴሪያ ዓይነት ከሳምንታት በኋላ ቆዳ ላይ የማይድን የሚመስል እባጭ ያወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ዓሣ እንዳላችሁ ንገሩት። ውሃ በቱቦ ስትቀዱ በአፍ አትሳቡ። ዕቃውን ምግብ በምናጥብበት ገንዳ አትጠቡት።

አንድ አደራ አለኝ። ዓሣውን ማሳደግ ቢያቅታችሁ ወስዳችሁ ወንዝ ውስጥ እንዳትለቁት። ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃ ተከዜ ይገባል፤ ጎልድፊሽም ብርድ የሚችል፣ የሚራባና የውሃውን ግርጌ የሚያደፈርስ ዓሣ ነው። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም በመጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ ለአበባው ውበት ተብሎ በየአገሩ ኩሬ የተተከለ ጌጥ ነበር። ለሌላ ሰው ስጡት፤ ወንዙን ግን ተዉት።

ለልጅቷ ምን አልኳት?

"ሻሽ ጀርባው ላይ ክንፍ ነበረው" ስትለኝ ሁለት መንገድ ነበረኝ። "ክንፉ ተነቅሎ ነው" ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ምናልባት ታምነኝ ይሆናል። ግን ያየችውን ነገር አላየሽም ልላት ነው። ከዚያ በኋላ የምታየውን ሁሉ ትጠራጠራለች፤ ወይም እኔን ትጠራጠራለች።

እኛ አገር መርዶ የምንነግርበት ወግ አለን። የሞተውን ሰው ዜና ለባለ ሐዘኑ ወዲያው አንዘረግፍም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱ ያልፋል፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ብዙ ጊዜ በሥራዬ ምክንያት ከመርዶ ነጋሪዎች ጋር ቆሜያለሁ። የምንደብቀው ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው፣ ሰው በተሰበሰበበት እንዲነገረው ነው። እኔ ሻሽን የደበቅሁት ግን ጨርሶ ላለመንገር ነበር። ለእሷ አዝኜ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ለራሴ ነው ያዘንኩት፤ ጥፋቴ እንዳይታወቅብኝ።

አጠገቤ አስቀመጥኳት። "ሻሽ ሞቷል። አጥቤ ስለገደልኩት ነው። ሳላውቅ ነው፤ ግን እኔ ነኝ" አልኳት። አለቀሰች። አልከለከልኳትም። ጓሮ ወስጄ የቀበርኩበትን አሳየኋት። ቆይታ ቆይታ "ጥቁሬስ ለምን አልሞተም?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት፤ ምናልባት እሱ ጠንከር ያለ ነበር።

አዲሱን ዓሣ "መላጣው" ብላዋለች፤ ጀርባው ልሙጥ ስለሆነ። ሁለት ቀን አኮረፈችው፤ በሦስተኛው ቀን ታርቀዋለች። እኔም በሆስፒታል የበሽተኛ ቻርት እንደምንይዘው፣ በደብተር ላይ መስመር አሰመርኩላት፦ ቀን፣ የተሰጠው ምግብ፣ የተቀየረው ውሃ፣ የታየው ነገር። ጽሑፏ ይንጋደዳል፤ የምትጽፈው ግን ልክ ነው። ባለፈው ረቡዕ "ጥቁሬ ታች ተቀመጠ፣ እምዬ ውሃ ቀየረች፣ ተነሣ" ብላለች።

ጌጠኛ ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። ተራው ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ በእንግሊዝ ቲሽ የተባለ ጎልድፊሽ እ.ኤ.አ. በ1956 ከባዛር በሽልማት ተገኝቶ እስከ 1999 ድረስ 43 ዓመት ኖሯል። ስለዚህ ለልጅ ዓሣ ስትገዙ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ አብሮት የሚያድግ እንስሳ እየገዛችሁ መሆኑን አስቡ። ካልቻላችሁ አትግዙ። ከገዛችሁ ደግሞ ልጁ ከናንተ በፊት የሚያየው ነገር ይኖራልና ሲነግራችሁ ስሙት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ።